በሳራ ቫዮላ መሳቄ

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1996፣ ጊንሃይም

ዛሬ ልጄን በሰው ፊት አሳፈርኳት።

ሳራ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ቬስትኤንድ ሰፈር፣ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ቫዮላ ተጫወተች። አንድ ጃፓናዊ የሙዚቃ ደራሲ በወጣትነቱ ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች የደረሰው ሥራ ነው። በጋውን ሙሉ ክፍሏን ዘግታ ስትለማመደው ከርማለች። ዝምታ ይበዛዋል፤ አንዱ መሣሪያ ትንሽ ይልና ይተወዋል። የሳራ ተራ ደረሰ። ጣቷን አውታሩ ላይ እያንሸራተተች ስታስለቅሰው፣ ቁርጥ የአገሬ ማሲንቆ ሆነብኝ! ሳላስበው ከት ብዬ ሳቅሁ። የደስታ ሳቅ ነበር፤ ግን አዳራሹ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሳራ ቀና አላለችም። መጫወቷን ቀጠለች።

ስንመለስ ኡ-ባን ባቡሩ ውስጥ በጀርመንኛ፣ «ለምን ሳቅህብኝ?» አለችኝ።

«አልሳቅሁብሽም፣ የኔ ልጅ። ማሲንቆ መስሎኝ እኮ ነው።»

«ማሲንቆ ምንድን ነው?»

ጌታን ካገኘሁ ወዲህ እቤታችን ከመዝሙር በቀር ሌላ እንዳይሰማ ያልኩት እኔ ነኝ። በአፌ ላዜምላት ሞከርኩ። ሰው ሲያየን ጊዜ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እቤት ስንገባ እናቷ፣ «እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ጥሩ ነበር። ፓፓም ወዶታል» አለች ሳራ፣ እኔን ሳታይ፤ ከዚያ ክፍሏ ገባች።

ብትናገርብኝ ይሻለኝ ነበር።