መዘውሩን የለቀቀው ማነው

ሆልቴን፣ ሰሜን ዳኮታ
ኖቬምበር 9

ለልጄ ለኤልደን፣

የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? መርከብ ላይ ስልክ አይሠራም የምትለውን ወሬ ተወው፤ የሌሎች እናቶች ልጆች ይደውላሉ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ንዴቱ ግን ሊገድለኝ ነው።

ክሳችን ማክሰኞ ተዘጋ። ተሸነፍን እንዳልልህ ሙግትም አልነበረም። ከአምናው አጨዳ በፊት የእህል መጫኛ ማሽናችንን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መዘውር ፍሬን ጠግነናል ብለው የመለሱልን ሰዎች፣ ማሽኑ አባትህ ላይ ወድቆ ገድሎት ሳለ፣ ከሕዝብ የተመረጠ ጁሪ ሳያያቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጠበቃቸው ምንም አላስረዳም። ብድግ ብሎ፣ “ክቡር ዳኛ፣ ማስረዳት ያለባት ከሳሿ ናት። ፍሬኑ ብልሹ ለመሆኑ ምን ይዛለች?” አለና ቁጭ አለ። የእኛዋ ጠበቃ፣ ወይዘሮ ትቬት፣ አባትህ ምን ያህል ጥንቁቅ እንደነበር ስታወራ ዳኛው አቋረጣት።

“ይሄ ግምት ነው። ማስረጃ ከሌለ ጁሪ ተሰብስቦ ምኑን ይፈርዳል?”

አለቀ። ካፖርቴን እንኳ አላወለቅኩም ነበር።

ፍሬኑ የት ገባ እንዳትለኝ። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ጎረቤት ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ። ቀብሩ ሳይደርስ ስንዴያችንን አጭደው ጨረሱልን። ከእነሱ መሃል ኦሪን ደግሞ ዓይኔ እንዳያየው ብሎ የተሰበረውን ፍሬን ፈታ፣ አዲስ ገጠመ፣ አሮጌውን ለብረት ገዢ ሰጠ። ትናንት ኮፍያውን እያሻሸ መጣና፣ “ሎርና፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር” አለኝ። ደግነትህን ይዘህ ከፊቴ ጥፋ አልኩት። በትሪ ያመጣልኝን የድንች ምግብ ግን ተቀብዬዋለሁ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ወይዘሮ ትቬት፣ “መዘውሩን ይዞ ማሽኑን ሲያወርድ የነበረው ልጅሽ ነው፤ በግድም ቢሆን ቀርቦ ይመስክር” ስትል እንቢ ያልኳት እኔ ነኝ። ከቀብሩ ማግስት ዓይኔን ሳታይ ለምን እንደሄድክ አልጠየቅኩህም። ችሎት ፊት ምለህ “ለቀቅኩት” ትላለህ ብዬ ፈራሁ።

ዛሬ ጠዋት ብው ብዬ መዶሻ ይዤ ወደ ጎተራው ሄድኩ። አዲሱን ፍሬን አደቅቀዋለሁ ብዬ ነበር። መዘውሩን ጨበጥ ሳደርገው ግን እጅህ ትዝ አለኝ። ለቀብሩ የሸሚዝህን ቁልፍ የቆለፍኩልህ እኔ ነኝ። ቀኝ እጅህ አብጦ ጣቶችህ አልታጠፍ ብለው ነበር። “በር ዘጋብኝ” አልከኝ።

አንተ ቂል። ፍሬኑ ሲከዳ መዘውሩ እየተሽከረከረ የሚመታው የያዘውን ሰው ነው። የለቀቀ ሰው ጣቱ በምን ያብጣል? ይህን ሁሉ ጊዜ አባቴን ገደልኩ እያልክ እዚያ በረዶ ላይ የምትንከራተተው በከንቱ ነው። በዚህም ተናድጃለሁ፤ ከዳኛው ይልቅ ባንተ ተናድጃለሁ።

ወይዘሮ ትቬት ይግባኝ እንበል እያለች ነው። እንደፈለገች። አንተ ግን ለይግባኝ ብለህ አትምጣ፤ ለገና ና። ሸሚዝህን ራስህ ስትቆልፍ ልይ።

እግዚአብሔር ባሕሩን ጸጥ ያድርግልህ፣ እጅህንም ይጠብቅልህ። ያ ዳኛ ሲጠይቀኝ የነበረው ማስረጃ እጅህ ላይ ነበር። አልለቀቅክም፣ ልጄ።

እናትህ
ሎርና