የገና ጠላ በሐዘን ቤት

ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፱፻፴፪፣ ረቡዕ

ዛሬም አመዳይ፣ ከባድ ውርጭ። ጣቴ ደንዝዞ ብርዕ መያዝ አቃተኝ። የኔታ ቁም ጽሕፈቴን አይተው ይህች «ሀ» ወገቧን ያመማት አሮጊት ትመስላለች አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው አፈርሁ። ከቀብሩ ወዲህ ት/ቤት ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

አንተ ደብተር፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደምሴ ይባላል። አንድ ጊዜ ሙሉውን ጻፍሁልህ። ከእንግዲህ ጋ.ደ. ነው። ሙሉ ስሙ ላይ እጄ ይቆማል። ክረምቱ ሲወጣ ከአርበኞች ጋር ወደ መርሐቤቴ ቆላ ወረደ። ጥይት አልነካውም። የወባ ንዳድ ይዞት መጣ፣ ጥቅምት ላይ ቀበርነው።

ማታ ከታናሽ እህቴ ከትርፌ ጋር ገበጣ። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጠጠር ትሰርቃለች፣ እንዳላየ አልፋታለሁ። ድንገት ቀና ብላ ለገና ልጆቹ ይመጣሉ ወይ አለች። የታች መንደር ልጆች በየዓመቱ የገና ጨዋታው ሲያበቃ የአለቃቸው ቤት ይገባሉ። አለቃቸው ጋ.ደ. ነበር። ስለዚህ የሚገቡት እኛ ቤት ነው፣ የሚጠጡትም የእምዬን ጠላ። አባዬ እሳቱን አዩ። እምዬ ከል የተነከረ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ ይመጣሉ አልሁ።

ሳላስብ ነው ያልሁት። አሁን ግን አስቤበታለሁ። ይመጣሉ።

ታኅሣሥ ፭፣ ዓርብ

ከት/ቤት መልስ በላቸው ጋ ሄድሁ። የጋ.ደ. የልብ ጓደኛ። ሲታመም ከቆላ ገደሉን በጀርባው አዝሎ ያወጣው እሱ ነው። የገና ዱላ ሊሆን አስታ እንጨት በእሳት እያሞቀ ያጎብጣል። ለገና እኛ ቤት ትገባላችሁ አልሁት። እንጨቱን አስቀመጠ። በምን ዓይኔ እናትህን አያታለሁ አለ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እምዬ ቃል አልተነፈሰችለትም። ልጆቹ ሁሉ ዘንድሮ በየቤታችን እንግባ ተባብለዋል። ከሄዱት ሁሉ የእኛው ብቻ ነው የሞተው። ያፍራሉ።

ሌላም አለ። አምና በገና ማታ እኛ ቤት ሆነው፣ በእምዬ ጠላ፣ አብረን እንውረድ ብለው ተማማሉ። እኔ ነበርሁ የምቀዳው። ትርፌ ሁሉ አጨብጭባለች።

አሁንም ከጥምቀት በኋላ ይወርዳሉ። እኔም እወርዳለሁ አልሁት። አገጬን በጣቱ ዳሰሰና፣ «ጌታነህ፣ በመጀመሪያ እዚህ ላይ ገብስ ይብቀል» አለ። ይሳቅ። የጋ.ደ.ን ቦታ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው አይይዘውም። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የነገርሁህ።

ታኅሣሥ ፯፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ለእምዬ ነገርኋት። ዘንድሮ ለገና ልጆች ጠላ ጥመቂ አልኋት።

«የልጄ አፈር ሳይደርቅ?»

«እሺ እኔ እጠምቃለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ! «ወንድ ልጅ ጠላ ሲጠምቅ የት አየህ?»

«አላየሁም። አሁን ታዪዋለሽ።»

ከዚያ የምፈራውን ተናገረች። ጠላዬ ነው የገደለው አለች። በኔ ጠላ ሞቅ ብሏቸው ነው የማሉት፣ ያቺን ማሰሮ በደፋኋት ኖሮ አለች።  አባዬ ከደጅ ሆነው፣ «ተይው እስቲ፣ ሲበላሽበት ራሱ ይተወዋል» አሉ። ይህ ፈቃድ ነው። እንደ ፈቃድ ቆጥሬዋለሁ።

ታኅሣሥ ፱፣ ማክሰኞ

ሞላሌ ገበያ። ጌሾ በእኛ ብርድ አይበቅልም፣ ከቆላ ነው የሚመጣው። የፈተልሁትን የበግ ፀጉር ይዤ ሄድሁ። የጥልያን ምሽግ በር ላይ አንድ አስካሪ፣ የእነሱ ወታደር፣ ከረጢቴን ፈተሸ፣ ፀጉሩን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ፣ መለሰልኝ። ባንዲራቸው በብርዱ ደርቆ እንደ ቆዳ ተንጠልጥሏል።

ጌሾ ሻጯ፣ እናትህ ታመመች ወይ አለችኝ። ራሴ ነኝ የምጠምቀው ስላት አጠገቧ ያሉትን ሁሉ ጠራች። «ኑ እዩ! ወይዘሮ ጌታነህ ጌሾ ልትገዛ መጥታለች! ባል ፈልጉላት!» ጆሮዬ ነደደ። ግን ስትስቅ እጇ ተፈታ፣ ጭማሪ ዘገነችልኝ። ወይራም ገዛሁ፣ ጋን ማጠኛ። ስመለስ መንገዱ አጠረኝ።

ታኅሣሥ ፲፣ ረቡዕ

ጎረቤታችን እትዬ በለጡ እያስተማሩኝ ነው። መጀመሪያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው አስረዱኝ። ጋኑን አጥቤ በወይራ አጠንሁ። ጌሾውን ወቅጬ ከውሃ ጋር ጨመርሁ። ይህ ጥንስስ ነው። በላዩ ብቅልና ቂጣ ይገባል፣ ከዚያ እንኩሮ፣ መጨረሻ ውሃ።

እምዬ ከምድጃው አጠገብ አልተነሣችም። ዓይኗ ግን እጄ ላይ ነበር።

የኔታ እጄን አሽትተው ምንድነው አሉ። ጌሾ አልሁ። ቀለም መበጥበጥ ሳይሆንልህ ጠላ ጀመርህ ወይ አሉኝ። ት/ቤቱ በሙሉ ሰማ። በመንገድ ላይ እትዬ ጌታነህ ይሉኛል። ይበሉ።

ታኅሣሥ ፲፮፣ ማክሰኞ

የእንኩሮ ቀን። ገብሱን ከትርፌ ጋር ቆላነው፣ ተራ በተራ ፈጨነው። ክንዴ ዛለ። ይህን እምዬ በየበዓሉ ብቻዋን ታደርገው ነበር፣ አንድ ቀን አግዤያት አላውቅም። ዱቄቱን በውሃ ለውሼ ምጣድ ላይ አመስሁት፣ ቡናማ እስኪሆን። ሽታው ቤቱን ሞላው። የበዓል ሽታ። ትርፌ ዘለለች። ከምጣድ እንደወረደ ትኩሱን ጋኑ ውስጥ ገለበጥሁት። ጭስ የመሰለ ተን ወጣ።

እምዬ ትንፋሽ እንደሳበች ሰማሁ። ዞር ስል አንገቷን ደፍታለች።

ጨርሻለሁ! አሁን መጠበቅ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ ፲፱፣ ዓርብ፣ የገብርኤል ዕለት

ጋኑ ዝም ብሏል። ጆሮዬን ለጠፍሁ። መፍላት ነበረበት፣ እንደ ድስት ቡልቅ ቡልቅ ማለት። ምንም የለም። እትዬ በለጡን ጠራኋቸው። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ፣ ምን አደረግህበት አሉ። ነገርኋቸው።

«ትኩሱን? ልጄ፣ እንኩሮ እኮ በርዶ ነው የሚገባው! ጥንስሱን ገደልኸው!»

አልነገሩኝም እኮ! ራሳቸውን ያዙ። ይህ ይነገራል ብዬ መቼ አሰብሁ፣ ማን የማያውቀው አለ አሉ። ወንድ ነዋ የማያውቀው አልኋቸው። ሁለታችንም ተያየን። ሌላ ገብስ የለም፣ የቀረው ዘር ነው። ሌላ ጌሾ የለም። ያላቸውን እፍኝ ብቅል አምጥተው ጨመሩልኝ፣ ምናልባት ነፍስ ቢዘራ አሉ።

ደጅ ወጥቼ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሁ፣ ለጠላ! ለጋ.ደ. ያላለቀስሁት እኔ። ወይም ለእሱ ነበር። አላውቅም። ሲበቃኝ ፊቴን ታጥቤ ገባሁ።

አልደፋውም።

ታኅሣሥ ፳፬፣ ረቡዕ

ትንሽ ፈልቷል። ትንሽ። ውሃ ጨመርሁበት። አባዬ ቅመሱልኝ አልኋቸው። ጎንጨት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። ለምሽጉ ሰዎች ብንልክላቸው በማግስቱ አገራችንን ለቀው ይሄዱ ነበር አሉ። ትርፌ በሳቅ ተንከባለለች። አባዬ ራሳቸው ፈገግ አሉ። እምዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ትከሻዋ ግን ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ እኔ እንጃ።

የገና ዱላዬ ተሠርቶ አለቀ። የአስታ ነው፣ ጫፉ በደንብ ጎብጧል። የኔታ ለበዓል ለቀውናል።

ታኅሣሥ ፳፰፣ እሑድ፣ ገና

ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ በዓሉ ዛሬ ሆነ። ሁሉንም ልጻፍልህ፣ አንድም እንዳይቀር።

ጨዋታው ከምሽጉ በታች ባለው ሜዳ። አስካሪዎች ከላይ ቆመው አዩ። ሚና ለየን፣ ላይ መንደር በአንድ ወገን፣ እኛ በአንድ። ጥንጓ፣ ኳሷ፣ ገና ከመጣሏ ቁርጭምጭሚቴን ተመታሁ። ጥልያን የሾመው ሹማችን የተሰጠውን ትልቅ ኮት ለብሶ መጥቷል። በላቸው ዱላውን አንሥቶ ዘፈኑን ጀመረው፦

የኛማ ሹም ኮቱ አማረበት፣
እጅጌው ረዝሞ እጁ ጠፋበት!

ሜዳው ተናጋ። ሹሙ በጥርሱ ሳቀ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ ምን ያድርግ? ግን ተሸነፍን። አለቃ የሌለው ሜዳ ያስታውቃል። ማንም አላለውም እንጂ ሁሉም ቀኝ ቀኙን ያይ ነበር፣ ጋ.ደ. የሚቆምበትን።

ቀድሜያቸው ሮጬ መንገዱ ላይ ደረስሁ። ልጆቹ ወደ ደጃችን ሲቃረቡ ዘፈኑን ተዉ። ዱላቸውን ከትከሻ አወረዱ። አንገት ደፍተው ሊያልፉ። ዱላዬን አግድሜ መሐል ቆምሁ።

«ግቡ።»

«ጌታነህ፣ መንገዱን ልቀቅ» አለ በላቸው፣ ቀስ ብሎ።

«አልለቅም። ጠላ ጠምቄያለሁ።»

አንዱ ከኋላ፣ «ሰምተናል፣ ለዚህ ነው የምንሸሸው» አለ። ጥቂቶቹ ሳቁ። ትርፌ ወጥታ የበላቸውን የበግ ፀጉር ባና ይዛ ጎተተች። እሱ አልተነቃነቀም። ያኔ ከውስጥ የእምዬ ድምፅ፦

«ደጅ የቆመው ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ ዘነቡ። በላቸው።»

 «ደጅ የሚቆም ለማኝ ነው። ግባ።»

ገቡ። አባዬ ቦታ አስያዟቸው። በዋንጫ ቀዳሁ። የመጀመሪያው ጠጣ፣ ሳለ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለ። ሁለተኛው አልሳለም፣ እንባው ብቻ መጣ። እምዬ ዋንጫውን ከእጄ ተቀብላ ቀመሰች።

«እንኩሮውን ትኩሱን ጨምረኸው ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«አይቼሃለሁ። ይበላሽ ብዬ ዝም አልሁ።» ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረች። «አምና በኔ ጠላ ምላችሁ ወረዳችሁ። ዘንድሮ በልጄ ጠላ ማሉልኝ። ይህን የሚጠጣ ቆላ አልወርድም ብሎ ይጠጣ።»

 ሌላ ዋንጫ ተሞልቶ በበላቸው እጅ ነበር። መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እትዬ፣ ልዋሽዎት አልችልም። ከጥምቀት በኋላ እወርዳለሁ።»

ምነው ይህን ባላለ ብዬ ነበር። አሁን ታባርረዋለች፣ ሁሉም ነገር አለቀ አልሁ። እምዬ ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ዋንጫውን አነሣች፣ እጁ ላይ መለሰች።

«አንተ ጠጣ። ልጄን በጀርባህ አምጥተህልኛል። በሬሳው ፈንታ ራሱን፣ አፉን ከፍቶ ‹እምዬ› ሲለኝ አግኝቼዋለሁ። ባንተ ላይ መሐላ አልጥልም።»

በላቸው እስከ አተላው ጠጣ። እንባውን አልጠረገም። እምዬ ለሌሎቹም ቅዳላቸው አለች፣ ያሻቸውን ያድርጉ አለች። እኔን ግን አየችኝ።  ልወርድ ማሰቤን ታውቃለች፣ በምን እንዳወቀች አላውቅም፣ ግን ታውቃለች። ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ያየ መሰለኝ። የመጨረሻውን ዋንጫ ለራሴ ቀዳሁ። በላቸው ራሱን ነቀነቀ፣ እንዳልጠጣ ይሁን እንድጠጣ አልገባኝም።

ቆላ አልወርድም ብዬ ጠጣሁት። መራራ ነው። ሁሉንም ጠጣሁት።

ታኅሣሥ ፳፱፣ ሰኞ

እምዬ ጠዋት ተነሥታ ቤቱን ጠረገች። ከሉን አላወለቀችም። ጋኑን ግን ራሷ አጠበች፣ አተላውን ለበጎቹ ሰጠች። እነሱም አሽትተው ሄዱ። አባዬ ከትርፌ ጋር ገበጣ ይጫወታሉ። ጠጠር ስትሰርቃቸው ይጮሃሉ፣ እንደ ድሮው።

በላቸው እስከ ደጃፉ መጥቶ ጠራኝ። ተቆጨህ ወይ አለ። ሌሊቱን ሁሉ ቆጭቶኛል፣ አልዋሸሁትም። ብትለምናት መሐላውን ትፈታልሃለች፣ እናት ናት አለ። አትፍታ አልሁት። እኔ ከሌለሁ ትርፌ ብቻዋን መፍጨት አትችልም። የዘሩ ገብስ የሚዘራው በማን ክንድ ነው? የኔታ ጋም ገና «ሀ» ላይ ነኝ።

ሲሄድ ከኋላው ጠራሁት። ልነግረው የፈለግሁትን መንገድ ላይ መናገር አፈርሁ፣ እዚህ ልጻፈው። ከጥምቀት በኋላ ሲወርዱ ስንቁን ተሸክሜ እሸኛቸዋለሁ። እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ። ከዚያ እመለሳለሁ።