በምድር ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ወረቀት

ውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ባለፈው ደረጃ ስወጣ ጉልበቴን ያመኛል ብለሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይ? የምታስታምሚያቸው አሮጊትስ ያስተኙሻል ወይስ አሁንም በየሰዓቱ ይጠሩሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አያቴን ብርዱ ሲገባ ዳሌዋን ይጠዘጥዛታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። የትንሿ ልጅሽ የማሪንካ ሁለት የፊት ጥርሶች ወልቀዋል። ስትስቅ ልክ አንቺን በልጅነትሽ ትመስላለች ትላለች አያቴ።

ይህን ደብዳቤ ወደ ጣሊያን በሚመላለሰው መኪና ከፕሪም ማርማላታውና ከማሩ ጋር ልኬልሻለሁ። ጠርሙሱን የጠቀለልኩበትን ፎጣ ስትፈቺ ታገኚዋለሽ። ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትዪኝ ይሆናል። እሑድ እሑድ ስትደውዪ አያቴ ጆሮዋ ስለደከመ ስልኩን ጮክ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። አክስቴ እትዬ ካቲንካም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከዚያ ወንበር አትጠፋም። እኔ «ደህና ነኝ እማዬ» ብዬ ዝም እላለሁ፤ አንቺም «ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?» ትያለሽ።

ያን እሑድ አክስቴ «ሳቬታ የጎመን በርሜሎቹን አበላሸችብን» ስትልሽ፣ አንቺ «ድሮም ያቺን ሴትዮ ቤቴ አታስገቡ ብዬ ነበር» አልሽ። አጠገብ ቆሜ ሰማሁ። እማዬ፣ ጎመኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

በመከር ወቅት ወይዘሮ ራይሳ የምትባል መምህርት ከወረዳው ከተማ መጣች። ባል የሞተባቸውን፣ የተፈቱትን፣ ባላቸው ሄዶ የቀረባቸውን ሴቶች በትምህርት ቤቱ መመገቢያ አዳራሽ ሰብስባ አትክልት ሳይበላሽ ማቆየትና መሸጥ አስተማረች። አክስቴንና ሳቬታን ጨምሮ ሰባት ነበሩ። እኔ ዕቃ አጥብ ነበር። ይህ ትምህርት አባቴ በሞተ ጊዜ መጥቶ ቢሆን ኖሮ አንቺም ባልሄድሽ እያልኩ ነበር የማጥበው።

መምህርቷ ጨውን በሚዛን መዝኑ ስትላቸው አክስቴ ተቆጣች። «ሠላሳ ዓመት በእፍኜ ለክቼ ማንም አልሞተብኝም!» አለች። ሳቬታ ከኋላ ሆና «ባልሽስ?» አለቻት። «እሱንማ የገደለው መጠጥ ነው፤ ጎመኔማ አቆይቶት ነበር» ብላ መለሰች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንዲያ ይሳሳቁ ነበር እማዬ፣ ጠበኞች አልነበሩም።

ከተማ ያለ አንድ ምግብ ቤት ለገና ሥጋና ሩዝ የሚጠቀለልበት የጎመን ቅጠል ብሎ ሦስት በርሜል አዘዘ። ከሁሉም ቤት የእኛ ምድር ቤት ይቀዘቅዛል ተባለና በቅዱስ ድሜጥሮስ ማግስት እዚያ ሞሉት። የያንዳንዱን ጥቅል ጎመን እንብርት በመስቀል ቅርጽ ሰንጥቀው ጨው ጠቀጠቁበት፤ እንስላልና ጥቂት የበቆሎ ፍሬ ነሰነሱ፤ ከላይ ድንጋይ ጫኑ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ አንድ ነው። በየሁለት ቀኑ ከበርሜሉ ግርጌ ውታፉን ነቅሎ የጨው ውሃውን በባልዲ መቅዳትና ከላይ መልሶ ማፍሰስ። ውሃው ካልተገለበጠ ታፍኖ ይዝለገለጋል። ወይዘሮ ራይሳ ሴቶቹን ሁሉ ዞር ብላ አይታ ሥራውን ለእኔ ሰጠችኝ። «ዝምተኛ ሰው አይረሳም» አለች። ቀኖቹ የተጻፉበት ወረቀት በሩ ላይ ሰቀለች፤ ውሃውን በገለበጥኩ ቁጥር ምልክት እንዳደርግ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሁለቴ ገለበጥኩ። ከዚያ የወር አበባዬ መጣ።

አያቴ የምትለውን ታውቂያለሽ። አደፍ ላይ ያለች ሴት ስምንት ቀን ሳይሞላት የጎመን በርሜል ከነካች ይበሰብሳል። ሴቶቹ ይህንኑ ጠይቀዋት ወይዘሮ ራይሳ «ጎመን ዓይን የለውም፤ እጃችሁን ታጠቡና ግቡ» ብላ ነበር። እነሱ ሳቁ። እኔ ግን ፈራሁ። ለአያቴ ብነግራት አክስቴን ትጠራለች፤ አክስቴ ደግሞ ለመንደሩ በሙሉ ምክንያቱን ትናገራለች። እንዲህ ያለው ነገር ለማን ይነገራል? አንቺ ብትኖሪ ላንቺ እነግርሽ ነበር። ስለዚህ ስምንት ቀን ሙሉ ወደ ምድር ቤቱ አልወረድኩም። በየሁለት ቀኑ ግን በሩ ላይ ሄጄ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረግሁ። አራት ጊዜ። እርሳሱን እንዴት ጠበቅ አድርጌ እንደያዝኩት አሁንም ጣቴ ላይ ይሰማኛል።

ሴቶቹ በርሜሎቹን ሲከፍቱ ውሃው ተልባ መስሎ ከእጃቸው ላይ ይንጠለጠል ነበር። ቅጠሉ ገና ሲነካ ይቀደዳል። አክስቴ በሩ ላይ ሄዳ ወረቀቱን አየችና «ልጅቷ አንድም ቀን አላጓደለችም፤ እግዜር ይባርካት» አለች። አቅፋ ሳመችኝ እማዬ። ከዚያ ወደ ሳቬታ ዞረች።

«ባለፈው ሳምንት ገብተሽ ድንጋዩን ያስተካከልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ነኝ። ምነው?»

«ንጹሕ ነበርሽ?»

ሳቬታ መጀመሪያ የምትቀልድ መስሏት ነበር። «አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው ካቲንካ፤ እሱ ነገር ከተወኝ ሁለት ዓመቱ። ከፈለግሽ ደወል አስደውለሽ አስነግሪው» አለቻት።

«እንግዲያው እጅሽ ነው ክፉ። ባልሽም በእጅሽ አልቆየም።»

ባሏ ሩሲያ ለግንባታ ሥራ ሄዶ እዚያው ሌላ ጎጆ እንደቀለሰ ሁሉም ያውቃል። ማንም አልሳቀም። ማንም ደግሞ «ተይ» አላላትም። ሳቬታ ሽርጧን ፈታች፤ አጥፋ በርሜሉ ክዳን ላይ አስቀመጠችው። ወረቀቱን አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ። ደረጃውን ወጣች።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። በጸደይ ትምህርት ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም ሲፈስሰኝ፣ ከመቀመጫዬ መነሳት አቅቶኝ ልጆቹ ሁሉ እስኪወጡ የጠበቅሁ ቀን፣ ክፍሉን ልትጠርግ የገባችው ሳቬታ ናት። ምንም አልጠየቀችኝም። የራሷን የሱፍ ሻርፕ ወገቤ ላይ አስራ እስከ ቤት አደረሰችኝ፤ ምን እንደማደርግ አሳየችኝ። ለማንም አልተናገረችም። ይህችን ሴት ነው ቤታችን አትግባ ያልሻት፤ እኔም ስልኩ አጠገብ ቆሜ ዝም ያልኩት።

ሰኞ ዕለት አራቱን ምልክቶች ሰርዤ «እነዚህን ቀኖች አልወረድኩም፣ ኢሊንካ» ብዬ ከሥር ጻፍኩ። መናገር ቢያቅተኝ አንብበው ይረዱኛል ብዬ ነበር። መጀመሪያ ያየችው አክስቴ ናት። ወረቀቱን ገንጥላ ኪሷ ከተተችው። «የገዛ ቤትሽን ስም አታጉድፊ፤ ያለፈው አልፏል። ዝም በይ፤ እሱን እንደሆነ ታውቂበታለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አውቅበታለሁ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ራይሳ መጣች። ምግብ ቤቱ ትእዛዙን ለሌላ መንደር መስጠቱን ነገረችንና ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች። አክስቴ ስለ ሳቬታ እጅ መናገር ስትጀምር ተነሳሁ። «አራቱን ምልክት ያደረግሁት ሳልወርድ ነው» አልኩ። ከአምስት ቃል በላይ አልወጣልኝም። ወይዘሮ ራይሳ ለምን አለችኝ። ለምን እንደሆነም ነገርኳት፣ በሁሉም ፊት። አንዷ ሴት አፏን በሻርፕ ይዛ ሳቀች፤ ሌላዋ በክርኗ ጎሰመቻት። ፊቴ ምድጃ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ወይዘሮ ራይሳ አልተቆጣችም፤ «ስምንት ቀን ያልተገለበጠ ውሃ በጳጳስ እጅም ይዝለገለጋል» አለች። አዲስ በርሜል እንዲሞላ፣ ሳቬታም እንድትጠራ ወሰነች። አክስቴ «ትምጣ፤ ማን ከለከላት?» አለች። ግን ማንም ሊጠራት አልሄደም።

በማግስቱ ሽርጧን ይዤ ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ ከማለቴ በፊት «ውታፉ ደርቆ ጨው ጋግሮበት ነበር። ድንጋዩን ሳስተካክል አይቼዋለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ያን ዕለት ላንቺ ልነግርሽ ስፈልግ አያትሽን አገኘኋት፤ ልጅቷ ሆዷን አሟት ተኝታለች አለችኝ፤ የወር አበባሽ መምጣቱ ገባኝ። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ልጄ ታመመብኝና ቀረሁ። ከዚያማ አየሽው፤ እኔን ሲያሙኝ ለምጄዋለሁ፤ አንቺን ግን ገና በዚህ ዕድሜሽ?» አለች። አለቀስኩ። እርጥብ እጇን ራሴ ላይ አድርጋ ተይው አለችኝ። ሽርጡን ግን አልተቀበለችኝም። «አንቺን ድሮ ይቅር ብዬሻለሁ። ያባረረችኝ ግን ትጥራኝ። እናትሽም ከጣሊያን ያለችውን ሰምቻለሁ።»

ሽርጡ እስከ ዛሬ የምድር ቤቱ በር ላይ፣ ወረቀቱ በነበረበት ሚስማር ተሰቅሏል። አክስቴ በየቀኑ በሥሩ ታልፋለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት እሑድ ደወልሽ፤ አንዴም እውነቱን አልነገረችሽም። እኔም አጠገቧ ቆሜ «ደህና ነኝ» አልኩሽ።

ትናንት እንደገና የወር አበባዬ ጀመረ። አያቴ ሳታይ እጄን በሳሙና ታጥቤ ሴቶቹ ወደሞሉት አዲስ በርሜል ወረድኩ። ውታፉን ነቀልኩት። ውሃው ጥርት ብሎ ወረደ። ዛሬ ጠዋት ተመልሼ አሸተትኩት፤ የእንስላል ሽታ ብቻ ነው ያለው።

እማዬ፣ ልትቆጪኝ ትችያለሽ፤ ይገባኛል። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። የፊታችን እሑድ ስትደውዪ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮክ ብሎ ይከፈታል፤ አክስቴም ትኖራለች። ያኔ በመጀመሪያ፣ ከእኔም ከማሪንካም በፊት፣ «ሳቬታ እንዴት ናት? ቤታችን ትገባለች ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ አጠገብ ሆኜ እመልስልሻለሁ። ዝም አልልም።

አያቴ «የሱፍ ካልሲሽን አውልቀሽ እንዳትተኚ» ብላ ሰላምታ ታቀርብልሻለች። ማሪንካ የወለቁትን ጥርሶቿን በወረቀት ጠቅልላ ልካልሻለች፤ እንዳይጠፉብሽ። እትዬ ካቲንካ ስላንቺ ሳትጸልይ አትውልም፤ እሷንም አልጠላኋትም። ሳቬታ ሰላም በይልኝ አላለችኝም። ሻርፑ ግን እኔ ጋ አለ፤ ስትመጪ አብረን እንመልስላታለን።

ልጅሽ ኢሊንካ

ቫሌያ ኑኩሉይ
ዲሴምበር 13 ቀን 2016