የይብራን በሮች ጨረስሁልሽ

የእህቴ ልጅ፣ የኔ ሞገደኛ ትርንጎ፤

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል፤ እኔ ግን አንቺን ጤና መጠየቅ ትቻለሁ። በደህናው ጊዜ ስጠይቅሽ "ደህና ነኝ ጋሼ፣ መዶሻውን ያቀብሉኝ" እያልሽ ስትሸነግይኝ ኖረሻል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ወሬው ልግባ።

ቤት ውስጥ የተለወጠው ብዙ አይደለም። የሐይቁ ዳር ሰፈራችን ግሽ አባይ ያው ግሽ አባይ ነው፤ አሁንም በእኔ ይስቃል። ውሻዋ ከአውሮፕላናችን ከይብራ ጭራ ሥር ሦስት ቡችሎች ወልዳለች። እናትሽ የግቢውን አጥር በብሎኬት አሠርታለች፤ ጥቁር ልብሷን ግን አላወለቀችም። እኔም ለሐዘኑ ጢሜን ላሳድግ ሞክሬ ነበር፤ ፍየል መሰልሁና ተላጨሁት።

ዋናው ወሬ ይኸውልሽ። ባለፈው ወር እናትሽ ይብራን ከግቢዬ አውጣልኝ አለች። አራት ዓመት፣ አንቺ ከኮሌጅ ማስተማርሽ ስትመለሺ፣ እኔ የፓምፕ ጥገና ቤቴን ስዘጋ፣ በእጃችን የሠራናትን፣ በሐይቁ ወፍ ስም የሰየምሻትን፣ ሁለት ሰው የምትይዘውን አውሮፕላናችንን! "የሙት ዓመቷ ዳስ የሚጣለው እዚህ ነው። ልጄን የበላ ቆርቆሮ ሥር ቆሜ እንግዳ አልቀበልም" አለችኝ። ቅዳሜ ቁራሌው መጥቶ ቆራርጦ እንዲወስዳት ተነጋግራ ጨርሳ ነበር።

አልፈርድባትም። ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው ይብራን ነው። እግርሽ ማበጥ ሲጀምር "ቆሜ ስለምውል ነው" ብለሽ ሁላችንንም አታለልሽን። ኩላሊትሽ መሆኑን ሐኪሞቹ ሲነግሩን መሽቶብን ነበር። እናትሽ ሐኪሞቹን መውቀስ አልሆነላትም፤ እግዜርን መውቀስ ፈራች፤ ወቀሳው በይብራና በእኔ ላይ ወደቀ። እኔን ትውቀሰኝ፣ ይገባኛል። ከጎንሽ ቆሜ እየዋልሁ እግርሽን ያላየሁ እኔ ነኝ። ይብራ ግን ማንንም አልበላችም። ይህን ለእናትሽም፣ ለሰፈሩም፣ ለሞትም ቢሆን ፊት ለፊት እንዲህ ብዬ እናገራለሁ፦ "እናንተ ልጅቷን የገደላት ሥራዋ ነው ትላላችሁ፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ደስ ብሏት እንድትኖር ያደረጋት ሥራዋ ነው እላለሁ።"

እምቢ ሲሉኝ እንዴት እንደምሆን ታውቂያለሽ። የሚቆራርጧት ከሆነም ሳታልቅ አትሄድም አልሁ። የቀራት ደግሞ የበሮቹ ነገር ነበር።

ትዝ ይልሻል? በሮቿ ወደ ላይ፣ ወደ ክንፉ ሆድ ነው የሚከፈቱት፤ ከፍቶ የሚይዛቸው ግን አልነበረም። እኔ በባሕር ዛፍ ዱላ ደግፌ "ይኸው፣ ዱላ አይበላሽ፣ መለዋወጫ አይፈልግ" ብዬ ኮራሁ። አንቺ መሪው ላይ ተቀምጠሽ፣ እኔ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ "ወረታ! ይፋግ! አዲስ ዘመን! አንድ ሰው የቀረው!" እያልሁ እንደ ሚኒባስ ረዳት ስጮህ፣ የሐይቁ ነፋስ ተነሣ። ዱላው ተንሸራተተ፤ በሩ መላጣዬ ላይ አረፈ። መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። ከዚያ ያችን ክብሬን የማትነካ አንቱታሽን ሳትተዪ "ጋሼ፣ በሩ ሾክ ያስፈልገዋል፤ እርስዎ ደግሞ የራስ ቁር" አልሽኝ። ሾክ ያልሽው በጋዝ የሚሠራውን፣ የመኪና የኋላ በር ከፍቶ የሚይዘውን ዘንግ ነው። አዝዘሽም አስመጣሽ። ከካርቶኑ አራት ቀጫጭን ነገሮች ሲወጡ "እርሳስ ነው እንዴ ያዘዝሽው?" ብዬ ቀለድሁብሽ። ሳንገጥማቸው አልጋ ያዝሽ።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ያን ካርቶን ትቼ ከጋራዥ አሮጌ የሚኒባስ ሾክ አመጣሁ። ያን ከባድ የሚኒባስ የኋላ በር የሚያነሣ፣ ይህችን ከቱቦና ከፕላስቲክ መስታወት የተሠራች በር አያቅተውም አልሁ። አላቃተውም! መያዣውን ስለቅቀው በሩ ተወንጭፎ የክንፉን ሆድ መታው። ሰፈሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት ወጣ። ልዘጋው በደረቴ ስጫነው የበሩ ቱቦ እንደ ቀስት ጎበጠ፤ መስታወቱም ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። የዕድራችን ዳኛ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው "አሁን ደግሞ አጎትየውን ልትጨርስ ነው" አሉ። "ምን ቸገረዎት፣ ከጨረሰችኝ ቀብሬ የዕድሩ ነው" አልኋቸው። ሰው ሳቀ።

እናትሽ አልሳቀችም። የተሰነጠቀውን መስታወት እያየች "የልጄን ሥራ አንተው ሰበርኸው" አለችኝ። ትርንጎዬ፣ እናትሽ ከዚያ ቀን በፊት ይብራን የልጄ ሥራ ብላ አታውቅም። ያ ቃል አንገቴን አስደፋኝ፤ ደግሞም ልብ ሰጠኝ።

በማግስቱ ካርቶንሽን ከፈትሁ። ከሾኮቹ ሥር በእጅሽ የተጻፈ ወረቀት አገኘሁ። በሩን በእህል ሚዛን መዝነሽዋል። ቀዳዳው የት እንደሚበሳ ሥለሻል። ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ ከውስጥ ወፍራም እንዲደረብበት አዝዘሻል። ከታች ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "ጋሼ፣ በሩ ሲዘጋ ቀጭኑ ዘንግ ወደ ታች ይሁን፤ ውስጡ ያለው ዘይት ማሸጊያ ጎማውን እንዲያርሰው ነው። ገልብጠው እንደሚገጥሙት አውቃለሁ።"

ልገለብጠው ነበር! በእጄ እንደ ተገለበጠ ይዤው ነበር። ብቻዬን ግቢው መሃል ቆሜ "እሺ፣ የኔታ" አልሁሽ። ሞተሽም እኔን ማረም አልተውሽም።

ሦስት ቀን ሠራሁ። ቱቦውን አቃናሁ፣ መስታወቱን ቀየርሁ፣ ሥዕልሽን ተከትዬ በሳሁ። የፓምፕ ጠጋኝ ኩራቴን ለሦስት ቀን ኪሴ ከትቼ፣ አንዲት ሚሊሜትር ከወረቀትሽ ሳልወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻውን ብሎን ሳጠብቅ ቁራሌው መዶሻና መጋዙን ይዞ ገባ። "አባባ፣ ከየት ልጀምር?" አለኝ። "ከእኔ ጀምር" አልሁትና በሩ ሥር ቆምሁ። እየቀለድሁ አልነበረም። "እማማ ናቸው የጠሩኝ" ብሎ ጮኸ፤ እኔም ጮህሁበት፤ እናትሽ ወጣች።

መያዣውን አላቅቄ በሩን በጣቴ ነካ አደረግሁት። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ክንፉ ሥር ደርሶ ቆመ። ክንፉን ይዤ ነቀነቅሁት፤ በሩ አልወረደም። እናትሽ መጣች። ዓመት ሙሉ ዙራ የምታልፋትን ይብራን ነካች። በሩን ወደ ታች ሳበችው፤ ለቀቀችው፤ ተነሣ። ደግማ ሳበችው።

"ይህን እሷ ናት ያሰበችው?" አለች።

"እኔማ የሚኒባስ ነበር ያሰብሁት፣ እትዬ" ብዬ ወረቀትሽን ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ "አወቀችህ!" ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ በበሩ ገብታ ወንበርሽ ላይ ተቀመጠችና በቀብርሽ ዕለት ያላወጣችውን ለቅሶ አወጣችው። ቁራሌው ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ቀረ። ቆይታ ቀና አለችና "ሂድ ልጄ፣ እዚህ የሚወሰድ የለም" አለችው።

እናትሽ ግን እናትሽ ናት፤ ሳትደራደር አልወረደችም። ለዳሱ ክንፎቿን ፈትቼ ግድግዳው ላይ እንዳስደግፍ፣ እንግዳው ሲሸኝ መልሼ እንድገጥም አዘዘችኝ። ዳኛው "የቀረውስ አካል ዳሱ መሃል ይቁም?" ብለው ቢያጉረመርሙ "ዳሱን በእሷ ዙሪያ ጣሉት" ብላ ዘጋቻቸው። እኔ እንኳ እንዲያ አልደፍራቸውም። ቀጥላም "ለመብረሪያዋ ፈቃድ ስትጠይቅ የሠሪዋን ስም የልጄን ጻፍ። ያንተን እንዳላይ" አለችኝ።

ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አንቺ እያለሽ ሁለት ጊዜ እንደመለሰን ታውቂያለሽ። ሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ እሄዳለሁ። ቅጹን ሞልቻለሁ፤ የሠሪ ስም በሚለው መስመር ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ፣ ከነአባትሽ ከነአያትሽ። የሟች ስም አይሞላም ይሉኛል፤ ይበሉ። አዲስ ቅጽ ቢሰጡኝ በአዲሱም ያንኑ እጽፋለሁ። ቢቀድዱት ከቀደዱት ላይ አስነብባቸዋለሁ። አለቃው የለም ቢሉኝ እስኪመጣ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሲመጣም የሠሪዋን ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልኝ እጠይቀዋለሁ። ስምሽን ማንበብ ይሰለቻቸዋል፤ እኔ ግን መጻፉ አይሰለቸኝም።

አጎትሽ