በእኔ ስም የገቡት ፋይሎች

ውድ እህት ዓለሜ፣

እንዲህ ብዬ ልጥራሽ ወይስ ይቅር እያልኩ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሌላ ስም አውጥቼልሽ ስለማላውቅ ሦስተኛው ላይ በዚያው ተውኩት። በአፌ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ቢሮሽ በር ድረስ መጥቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ፈገግ ብለሽ "ነይ፣ ግቢ" ስትይኝ የያዝኩት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ።

ካርድ ክፍል ስንገባ ሁለታችንም ልጆች ነበርን። ምድር ቤት ያለችውን ክፍል መቼም አትረሻትም፤ በመስኮቷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነበር። ሥራችን ሐኪሙ የጻፈውን አንብቦ የበሽታውን ኮድ ከጎኑ ማስፈር ነው። የሐኪሞቹን ጽሕፈት የማነበው እኔ፣ ኮምፒውተር ላይ የምትመቺው አንቺ። "ይሄኛው ሲጽፍ ማን እየገፋው ነው?" ትዪኝና ከት ብለን እንስቅ ነበር። የኮዱ መጽሐፍ ጀርባው ተገንጥሎ በቁስል ፕላስተር ያሰርነው እኔና አንቺ ነን።

አዲሱ ኮድ ሲመጣ አዳራሽ ተሰብስበን ሥራ አስኪያጁ "ከስድስት ወር በኋላ በአሮጌው የሚሠራ የለም" ሲሉ ሰው ሁሉ አጉረመረመ። አሮጌው "ስኳር" ካልነው ይበቃው ነበር። አዲሱ ግን የትኛው ዓይነት ስኳር፣ ምኑን ጎዳ፣ ግራውን ነው ቀኙን ይላል። አንቺን የሽግግሩ ኃላፊ ሲያደርጉሽ ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ከአንጀቴ ነው ደስ ያለኝ።

አብዛኛውን ፋይል ኮምፒውተሩ ራሱ ቀየረው። እሱ መወሰን ያቃተውን ግን ሰው ካርዱን አውጥቶ፣ የሐኪሙን ጽሑፍ አንብቦ ማስገባት ነበረበት። የመጨረሻው ሳምንት ሲገባ ሺህ አንድ መቶ ያህል ቀርቶን ነበር። ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው። ማክሰኞ እናቴ ወደቀችብኝ፤ ሐሞቷ ነው፣ ነገ ኦፕራሲዮን ትሆናለች አሉኝ።

"ሂጂ" አልሽኝ። "እናት ትበልጣለች። የፈቃድ ቅጽ ምናምን እያልሽ አትንገላቺ፣ ኃላፊዋ እኔ አይደለሁም እንዴ?"

አቅፌሽ ሄድኩ።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ሌላ ሆስፒታል፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ተራዋን ስጠብቅ ደወልሽልኝ። "በኃላፊ ስም ማጽደቅ እንጂ ማስገባት አይቻልም። የይለፍ ቃልሽን ስጪኝ፣ ጥቂት ፋይል ብቻ ናት" አልሽኝ። የእናቴ ቅጽል ስም ነበር፣ የተወለደችበት ዓመት ተጨምሮበት። እሷ በጀርባዋ ተኝታ ስትታየኝ ስሟን ፊደል በፊደል ነገርኩሽ። ደግሞም "እሷስ እንዴት ናት?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። ይህን አልክድሽም።

ዓርብ ሥራው በሰዓቱ አለቀ ተብሎ ተመሰገንሽ። እናቴም ዳነች። እኔ ሌላ ነገር የማይበት ዓይን አልነበረኝም።

ከአራት ወር በኋላ የዓይን ሐኪሙ አንድ ወረቀት ይዞ ምድር ቤት ወረደ። "የስኳር ሕመምተኞቼ የት ሄዱብኝ? ወይስ የአገሩ ሰው ዓይን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዳነ?" አለ። እየቀለደ መስሎን ሳቅን። እሱ አልሳቀም። በየሦስት ወሩ ለቀጠሮ የሚደወልላቸውን ሰዎች ስም ኮምፒውተሩ የሚያወጣው በኮዱ ነው። "ስኳር፣ ዓይን የጎዳ" መባል የነበረባቸው ሰዎች "ስኳር፣ ጉዳት የሌለው" ተብለው ገብተዋል። ማንም ካርዳቸውን አልከፈተም። ሁሉም የገቡት በዚያው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በአማካይ በየአሥራ ሦስት ሰከንዱ አንድ ሰው። ሁሉም በእኔ ስም።

ጉዳዩን ሊያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ ፊት ስቀርብ አንቺ ከጎናቸው ተቀምጠሽ ነበር። "ያን ቀን ሥራ አልገባሁም" አልኩ። የሰው ኃይል ኃላፊው ዶሴዬን ገለበጠና "የፈቃድ ቅጽ የለም" አለ። ወደ አንቺ ዞረ። እኔም ዞርኩ። ፈርቼ እንዳይመስልሽ፣ እፎይ ብዬ ነው የዞርኩት፤ አሁን ትናገራለች ብዬ።

የእስክሪብቶሽን ክዳን ከፈት ዘጋ አደረግሽ። "እኔ እስከማስታውሰው ገብታ ነበር። ያን ሰሞን እናቷ ታማባት ልቧ አብሯት አልነበረም። እባካችሁ አትፍረዱባት።"

እህት ዓለሜ፣ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ሲሉ ስሰማ ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አማለድሽኝ እኮ። ራስሽ ላደረግሽው እኔን አማለድሽኝ።

ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዘሽ "ዝም በይ፣ ይረሳል። እኔ ከወደቅኩ አንቺንም የሚያነሳሽ የለም" አልሽኝ። ዝም አልኩ። የይለፍ ቃል መስጠትም ጥፋት ስለሆነ ፈራሁ። ልጅሽ "አክስቴ" ስትለኝም በጆሮዬ መጣብኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝና ወደ ካርድ መስኮት ተዛወርኩ። ከሥራ በኋላ ከዓይን ሐኪሙ ጋር እየተቀመጥን ካርዶቹን አንድ በአንድ አወጣናቸው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አገኘን፤ ደወልን። አብዛኞቹ በጊዜ መጡ። ስልካቸው የማይሠራም ነበሩ።

ከእነዚያ አንዱ ባለፈው ወር በራሱ እግር መስኮቴ ጋ መጣ። ልብስ ሰፊ ነው። ኮቱ ላይ መርፌ ሰክቷል፤ አውራ ጣቱ በሥራ ብዛት ደድሯል።

"ክር ማስገባት አቃተኝ" አለኝ። "ወትሮ ትደውሉልኝ ነበር። ሳትደውሉ ስትቀሩ ድኛለሁ ማለት ነው ብዬ፣ ለሚስቴም ነግሬ፣ ደስ ብሎን ነበር።"

ሐኪሙ አየው። ግራ ዓይኑ ይተርፋል፣ ቀኙ ግን አይመለስም። ሲወጣ እንደገና መስኮቴ ላይ ቆመ።

"ለምንድን ነው ያልተደወለልኝ?"

ኮዱ ሲቀየር በስህተት እንደገባ ነገርኩት።

"ማን ነው የተሳሳተው?"

"ስሙ የእኔ ነው" አልኩት።

በቀረው ዓይኑ ነው ያየኝ። "እንግዲህ ሰው ነሽ፣ ምን ይደረጋል" አለኝና ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ለአንቺ የሚገባውን ይቅርታ በአንቺ ፋንታ ተቀብዬ ቀጣዩን ተረኛ ጠራሁ።

ያኔም ቢሆን ዝም እል ነበር መሰለኝ። ባለፈው ሰኞ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስምሽን አየሁ። አምስቱን ቅርንጫፍ ክሊኒኮች ወደ አዲሱ ኮድ የምታሻግሪው አንቺ ነሽ፤ ጊዜውም ሦስት ወር ነው። ደረጃው ላይ አግኝተሽኝ "አንቺንም አስመድብሻለሁ፣ እንደ ድሮው አብረን እንሠራለን" አልሽኝ። ዓይንሽን አየሁት። ምንም የለበትም። ረስተሽዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ሞኟ ሁለት ዓመት ያዝኩት። ወረቀቱም አልለቀቀም፤ እናቴ ኦፕራሲዮን ስትገባ የፈረምኩት የስምምነት ቅጽ ቅጂ እሷው ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ስምንት ነው። በዚያ ሰዓት እዚህ "እኔ" በየአሥራ ሦስት ሰከንዱ ፋይል አስገባ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁና የዓይን ሐኪሙ ይሰሙኛል። የይለፍ ቃሌን መስጠቴን፣ ኮሪደሩ ላይ የተባባልነውንና እሺ ማለቴን አልደብቅም። ለእሱ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ፤ መስኮቷንም ላጣት እችላለሁ። ለልጅሽ ምን እንደምላት ገና አላወቅኩም።

እስከ ሐሙስ ሁለት ቀን አለሽ። ቀድመሽ ገብተሽ ራስሽ ብትናገሪ ደስ ይለኛል። ባትናገሪም እኔ እናገራለሁ። አንቺ ሳትነግሪኝ አደረግሽው። እኔ ግን ነግሬሽ ነው የማደርገው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎንሽ የተቀመጠችው፣
ከካርድ መስኮት