የጥር ወር ጋዝ የት እንደገባ ስለማስረዳት

ለተከበሩ የአማራጭ ነዳጅ አጥኚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎም የቢሮዎ ወንበርም እንደጸኑ ይቆዩልኝ። እኔ የጎሮው ዱቄትና ለስላሳ አከፋፋይ አብዱራሕማን ሙነወር፣ ሌሎቹ ሁለቱ ይከተሏታል ብዬ ከሦስት ፒክአፖቼ አንዷን ከቤንዚን ወደ ፕሮፔን ጋዝ ማዞሬን ያውቃሉ። ጋዝ ከቤንዚን ይልቅ አባካኝ ስለሆነ መኪናዋ ቦሎ አይሰጣትም የሚለው ውሳኔዎ በክብር ደርሶኛል። ማስረጃው ከገዛ ማስታወሻ ደብተሬ የተቀዳ በመሆኑ፣ የምከሰው ሰው አጥቼ ራሴን ይዤ ቀርቤያለሁ።

1ኛ፦ በኅዳርና በታኅሣሥ አንድ ሲሊንደር አራት ቀን ሲያሠራት፣ በጥር ሁለት ቀን ብቻ ማሠራቱን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ኮሚቴው በሌሎቹ ገጾች ሳይደክም በቀጥታ ወደ ጥር ስለተሻገረልኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ፦ ጥር ረመዳን ነበር። በሰፈሩ ቡታጋዝ ስለጠፋ፣ ሾፌሬ ሐዱሽ መኪናዋን ግቢ ባቆመ ቁጥር ባለቤቴ ፈዲላ ሲሊንደሩን እያስፈታች ወደ ማዕድ ቤት ታስገባው፣ የጎረቤቱንም ድስት ትጥድበት ኖሯል፤ በረመዳን ደጅ የመጣ ድስት አይመለስምና። እኔ ብልጡ ነጋዴ በአንድ እጄ ሳምቡሳ ይዤ፣ በሌላው «ፍጆታው ጨምሯል፤ ምክንያቱ አልታወቀም» እያልኩ እጽፍ ነበር። ውሳኔዎ ከደረሰኝ በኋላ ብጠይቃት፣ «አንተ የመኪናዋን ሆድ ስትቆጥር፣ የራስህ በምን እንደሚሞላ መቼ ጠየቅከኝ?» አለችኝ።

3ኛ፦ የኮሚቴው አባላት ለምርመራ በመጡበት ዕለት አብረውን አፍጥረዋል፤ ሾርባውንም ደግመው ስለጠጡልኝ ኮርቻለሁ። ያ ዕለት በሪፖርቱ «ከፍተኛ ብክነት የታየበት» ተብሎ ሲሰመርበት ግን፣ ጥናቱ የቱን ያህል ውስጥ ድረስ እንደዘለቀ ገባኝ።

የመኪናዋ ቦሎ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ያን ቀን ከእሷ ጋር የሚቆመው ሐዱሽ ነው፤ አራት ልጆች አሉት፣ ኮሚቴው ባፈጠረበት ዕለትም የሥጋ ሳምቡሳውን አልበላም፤ ረቡዕ ስለነበር ለእሱ ጾም ነው። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ብቻ ሲሊንደሩን ቆልፈን፣ ቁልፉን እርስዎ ኪስ ከትተን እንደገና እንድንለካ እለምናለሁ።

ከገዛ ማዕድ ቤቱ በቀር ሁሉን የመዘገበ፣ በራሱ ብዕር የተረታ ታዛዥዎ፣
አብዱራሕማን ሙነወር
መጋቢት 1989 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ከማፍጠሪያው በኋላ የኮሚቴው መኪና ቤንዚን ጨርሳ መንገድ ላይ ስትቀር፣ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ጎትታ ያደረሰቻት ይህችው ቦሎ የተነፈገችው ናት። ጉዞውን ደብተሬ ላይ አላሰፈርኩትም፤ በብክነት እንዳይቆጠርባት ፈርቼ ነው።