ስለ ልጆች ሲመከር ልጆች የወጡበት አዳራሽ

ለተከበሩ የሰፈራችን የልጆች ደህንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ድምፅዎ እንኳ ደህና ነው፤ በማይክሮፎኑ ደጅ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማናል። እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ መዋያ ያጣች የስድስት ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ።

ምስጋናው ይቅደም። አምና ልጆቻችን ዕረፍቱን ይውሉበት የነበረውን አዳራሽ፣ ዘንድሮ የልጆች ደህንነት በዕረፍት ጊዜ ለተሰኘው ዐውደ ጥናትዎ ስለመረጡት ሰፈራችን ኮርቷል። ጥናቱ ዕረፍቱ እስኪያልቅ የሚዘልቅ መሆኑም የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። ትንንሽ ቅሬታዎች ግን ስላሉኝ ቢታገሡኝ።

፩. ልጆቹ ፒንግፖንግ ይጫወቱበት የነበረው ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ለብሶ የውሃ ጠርሙስ ተደርድሮበታል። ደጅ ላይ ሲሯሯጡም ዘበኛዎ፣ ስለ ልጆች እየተመከረ ስለሆነ እንዳይረብሹ ነግሮ፣ መኪና ወደሚመላለስበት አስፋልት በትሕትና ሸኝቷቸዋል። እኛም አዳራሽ አለን ማለታችንን አልተውንም፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለትን የሚከለክል ደንብ እስካሁን አልወጣም።

፪. ልጅን ቤት ውስጥ ብቻውን መተው አደገኛ መሆኑን፣ ወላጅም ዕረፍቱን ከልጁ ጋር ቢያሳልፍ መልካም መሆኑን የሚመክረው በራሪ ወረቀትዎ ደርሶኛል። ለአሠሪዬ አሳየሁት። እጅግ ጥሩ ምክር ነው ብሎ፣ ለትምህርት መክፈቻ መድረስ ያለበትን የዩኒፎርም ክምር በአገጩ አመለከተኝ።

፫. ይህን ለመጻፍ አፍራለሁ። አምና ማታ ማታ ልጄን ከአዳራሹ ትቀበልልኝ የነበረችው አክስቴ ዘንድሮ ታማ አልጋ ላይ ናት። ስለዚህ ጠዋት ልጄን ቤት ትቼ በሩን ከውጭ እቆልፋለሁ። ክብሪትና ቢላ በቦርሳዋ ይዛ ሥራ የምትገባ ልብስ ሰፊ ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም። የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ ባለፈ ቁጥር እግሬ ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ይነሳል፤ ድምፁ ወደ እኛ ሰፈር አለመታጠፉን ሳላረጋግጥም አይመለስም። ሌላውን በፌዝ ጽፌዋለሁ፤ ይህን ግን አልቻልኩም። ፈርቻለሁ።

፬. ይህንኑ በቃል ላስረዳ ስመጣ፣ ጸሐፊዎ ጉዳዩ በጥናቱ ማጠቃለያ ላይ እንደሚታይ ነገረችኝ። ማጠቃለያው ትምህርት በሚከፈትበት ዋዜማ ነው አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያለው ሰው የእርስዎ ባልደረባ ሳይሆን አይቀርም።

ዕድሜ ከጤና ሰጥቶ ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው በሰላም ያሸጋግርዎ ዘንድ ከልብ የምመኝ፣ ጠዋት ጠዋት በአዳራሽዎ ደጅ የማልፍ፣

ትሑት ልብስ ሰፊ እናት

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ በሬን አልቆልፍም። ልጄን አምጥቼ ፊት ለፊትዎ ካለው ወንበር ላይ አስቀምጣትና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፤ የጎረቤቶቼም ልጆች ይከተሏታል። ትረብሸናለች ብለው አይስጉ። በሩን ማንም ቢያንኳኳ ትንፍሽ እንዳትል አስተምሬያታለሁና፣ እርስዎም ስሟን ቢጠይቋት ላትመልስልዎ ትችላለች።